ወንዱን ያወጣንበት ቀን

ለትምህርት በመጣሁበት ከተማ የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ እየጠበቅኩ ነው። ጥግ ላይ የዓሣ ገንዳ አለ። ውሃው ሲንቦቀቦቅ ጅግጅጋ ያለው ሳሎናችን መጣብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በረሃማዋ የድንበር ከተማ ደወሌ የሚሠራው አባቴ ከጣቴ የማይበልጡ ሁለት ዓሦች በላስቲክ ይዞልኝ መጣ። መስታወት ገንዳ ውስጥ የገንቦ ስባሪ ደፋንላቸው። ከሳምንታት በኋላ ሴቷ ቢጫ ሆነች፤ ከሸክላው ሥር እንቁላሎቿን ደረደረች። አባቴ ወዲያው ወንዱን በሻይ ማጥለያ አወጣና የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ለብቻው አደረገው።

"ለምን?" አልኩት።

"አሁን ጠባቂዋ እሷ ናት፤ እሱ ከቆየ ትነክሰዋለች፣ አቦ።"

አቦ በሶማሊኛ አባባ ማለት ነው፤ ሶማሌ አባት ልጁን የሚጠራውም በዚሁ በራሱ መጠሪያ ነው። እሱም አቦ፣ እኔም አቦ ነበርን።

"ልጆቹን መቼ ያያቸዋል?"

"ሲያድጉ" አለ፣ እናቴ ወዳለችበት ጓዳ እያየ። በማግስቱ ወደ ደወሌ ሲሄድ የክረምት ካፖርቱን ሳይቀር ይዞ ሄደ።

ወንዱ ብቻውን መሆኑ ስላሳዘነኝ ወደ ገንዳው መለስኩት። ጠዋት ክንፉ ተቦጫጭቆ ሞቶ አገኘሁት።

አባቴ ሲደውል አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ ወንዱ ዓሣ ነው።

"ደህና ነው" አልኩት።

"ልጆቹን አያቸው?"

"አያቸው።"

ከዚያ "አቦ" አለኝ። እኔም "አቦ" አልኩት። እየቆየ መደወሉን ተወው።

ነርሷ ተራዬ መድረሱን ለመንገር ጠራችኝ። እዚህ ከተማ ሁሉም የሚጠራኝ በስሜ ነው።