አያ ሰይድ የሣለው ጉም

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ተረት የሚያወራልን የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ሰይድ ነበር። ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ አያወራም። የሱ ተረት ስለ ሠዓሊዎች ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ወደ መካነ ሰላም የተመለሰ፣ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምር፣ ሚስት ያላገባ ሰው ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እኛ ቤት ይመጣና ምድጃው ጥግ ዱካ ላይ ይቀመጣል። «አንቱ» ስንለው ይቆጣል። «እኔ እናታችሁ አዝላ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ፤ አንተ በሉኝ» ይለናል።

መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ፋኖሱ ከሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ፍሙ እየደበዘዘ ሲሄድ እናቴ እያራገበች፣ አያ ሰይድ ከአመዱ ውስጥ የበረደ ከሰል ያነሣና የሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ እየሣለ ያወራል። የኛ አገር የጥንት ሠዓሊዎች፣ ይለናል፣ ደግ ሰው ሲሥሉ ሁለት ዓይኑን፣ ክፉ ሰው ሲሥሉ ግን አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳዩ ነበር። ይሄን ሲል ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ፊቱን ወደ ጎን ያዞርና አንድ ዓይኑን እያፈጠጠ ያስፈራራኛል፤ እኔም እጮኻለሁ።

ከባሕር ማዶ ደግሞ ሩቁን አሳንሰው፣ ቅርቡን አተልቀው፣ የሣሉት ጨርቅ በእጅ የሚዳሰስ እስኪመስል የሚጠበቡ ሠዓሊዎች ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ሰለቻቸው። ከቤት ወጥተው ሜዳ ላይ ብርሃንን ማሳደድ ጀመሩ። ጀንበር ቆማ አትጠብቅምና ተጣድፈው ቀለሙን ጣል ጣል ሲያደርጉት፣ ሰው ሁሉ «ይሄማ ያላለቀ ሥራ ነው» እያለ ሳቀባቸው። ስማቸው ኢምፕሬሽኒስት ነው፤ ያኔ ስሙን መጥራት አቅቶን ስንንተባተብ እናቴ እስክታነባ ትስቅ ነበር። ቀጥለው የመጡት የፈራ ሰው ፊት አረንጓዴ፣ ያዘነ ሰው ሰማይ ቀይ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ፋኖሱን ከላይም፣ ከጎንም፣ ከኋላም ባንድ ጊዜ እንይ ብለው ሰባብረው ሣሉት፤ ኩቢስት ተባሉ።

«ሰውንም እንዲህ ይሰባብሩታል?» አለ እንድሪስ።

«ይሰባብሩታል።»

«አያመውም?»

አያ ሰይድ ከሰሉን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቀው እንድሪስ ብቻ ነበር።

አባቴ ለሰፈሩ ልጆች ቁርኣን የሚያቀሩ ሸህ ነበሩ። ነፍስ ያለው ፍጡር መሣል እንደማይገባ ያምናሉ። ኮቴያቸው ደጅ ላይ ሲሰማ አያ ሰይድ ካርቶኑን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። አንድም ቀን አልተቆጡትም፤ አንድም ቀን ግን ሥዕሉን አላዩለትም። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ያወራሉ፣ ካርቶኑም በመካከላቸው እንደተደፋ ይቀራል።

እንድሪስ ጺም ማውጣት ሲጀምር እኩዮቹ አንድ በአንድ ከከተማው መጥፋት ጀመሩ። ወደ ዓረብ አገር ነው የሚሄዱት። እሱም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ «ደጎሎ ሥራ አለ ብለውኛል፤ ለጁምዓ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ጁምዓ ደረሰ፤ አልመጣም። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ስልክ ደወለ አሉ፣ ለጎረቤት ነው የደወለው፣ እናቴ ሮጣ እስክትደርስ መስመሩ ተቋረጠ።

አብሮት የሄደ አንድ የወግዲ አገር ልጅ መጥቶ የነገረን ከወራት በኋላ ነው። ግቢያችን መሐል ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። ባሕሩን የሚሻገሩባት ጀልባ ተገልብጣ ነበር።

«እኔ ዋና አልችልም፣ እሱም አይችልም» አለ እያለቀሰ። «እኔ ለምን እንደወጣሁ አላውቅም።»

አባቴ ልጁን ክንዱን ይዘው አስቀመጡት፣ ውሃም አስጠጡት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሬሳ በሌለበት የቀብር ሶላቱ ተሰገደ። ሰደቃው ወጣ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት መጥቶ አለቀሰ፣ ድንኳኑ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የእንድሪስ ስም አልተጠራም። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፤ ማንም አላዘዘም ይሆናል። አያ ሰይድ እንደ ወትሮው ይመጣል፣ ዱካው ላይ ይቀመጣል፣ ከሰል ግን አያነሣም። እኛም ተረት አንጠይቀውም።

አንድ ምሽት እናቴ እሳቱን እያየች፣ «ሰይዴ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አለችው።

እሱ ቀና አለ።

«ስተኛ እፈልገዋለሁ። አፍንጫው ይመጣልኛል፣ ዓይኑ አይመጣልኝም። ሣልልኝ።»

አባቴ ቤት ውስጥ ነበሩ። አየናቸው። መቁጠሪያቸውን አንሥተው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ከእንድሪስ የቀረን ፎቶ የትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ያለው የደበዘዘ ጉርድ ብቻ ነበር። አያ ሰይድ እሱን ይዞ ሄደና ብዙ ቀን ቆይቶ መጣ። ያመጣው ሥዕል ጥርት ያለ ነበር፤ ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ስንጥቅ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር። እኔ ሳየው ደነገጥኩ፤ ወንድሜ የመጣ መሰለኝ። እናቴ ፋኖሱን አስጠግታ አየችው፣ በጣቷ ጉንጩን ነካችው፣ መልሳ ሰጠችው።

«መልኩ መልኩ ነው» አለች። «ግን ይሄ ልጅ እኔን አያውቀኝም።»

አያ ሰይድ አልተቀየመም። ሥዕሉን ጠቅልሎ ጎኑ አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ የሄደ ለት እንዴት ነበር? እስቲ አውሪልኝ» አላት።

በዚያ ምሽት ተረት አውሪዋ እናቴ ሆነች። ማለዳው ጉም ነበር አለች። ከግቢው በር ላይ የመናኸሪያው መንገድ አይታይም። ቢጫ ሹራቡን ለብሷል። ቆሎ ቋጥራ ሰጥታው ነበርና ረስቶት ስለወጣ ተከትላ ወጣች። «እንድሪሴ!» ብላ ጠራችው። ዞረ። እጁን አወዛወዘላት እንጂ አልተመለሰም።

«ፊቱን አላየሁትም፣ ሰይዴ። ጉሙ ሸፍኖት ነበር። ያየሁት ሹራቡን ነው። ቢጫው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ።»

አያ ሰይድ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ትልቅ ወንድ እንዲያ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛውን ሥዕል በአቡጀዲ ላይ፣ በዘይት ቀለም ሠርቶ አመጣው። ሰው የለበትም ማለት ይቻላል። ግራጫና ነጭ ጉም፣ ከሥር የጭቃ መንገድ፣ ከመሐል በብሩሽ ጣል ጣል የተደረገ ቢጫ። አጥሩን የሚመስል ጥቁር ነገር ከዳር አለ። በቅርብ ሲያዩት ቀለም ብቻ ነው፤ ራቅ ሲሉ አንድ ሰው እየሄደ ነው። ያኔ እነዚያ የተሳቀባቸው፣ ብርሃን ሲያሳድዱ የኖሩት ሰዎች ምን ይፈልጉ እንደነበር ገባኝ። ያላለቀ ሥራ አልነበረም። ያላለቀ ነገር እንዲያ ነው የሚሣለው።

እናቴ ደረቷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እሱ ነው» አለች።

አባቴ የገቡት ይሄኔ ነው። አያ ሰይድ ሥዕሉን ሊገለብጥ እጁን ሲሰድ፣ «ተወው» አሉት። ጫማቸውን አውልቀው ቀረቡ። ፊት የለውም፤ የሚከለክላቸው ነገር አላገኙም መሰለኝ። ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት።

«ሹራቡ ቢጫ ነበር እንዴ?» አሉ። «እኔ አረንጓዴ ነው የሚመስለኝ።»

«ቢጫ ነው» አለች እናቴ። «ዋዜማውን እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«ደርቆለት ነበር?»

«እጅጌው አልደረቀም ነበር።»

አባቴ ተቀመጡ። «በርዶታል ማለት ነው» አሉ፤ ድምፃቸውም ተሰበረ። ከዚያ እስከ ዒሻ ሶላት ድረስ ስለ እንድሪስ አወሩ። ሲወለድ እንዴት እንዳስቸገረ፣ ቁርኣን ሲቀራ የትኛው አንቀጽ ላይ ሁልጊዜ እንደሚሳሳት፣ ሲስቅ እንዴት እንደሚያንኮራፋ። ስሙ በቤታችን ተመልሶ ተጠራ። አያ ሰይድ ዱካው ላይ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

አሁን አያ ሰይድም አባቴም አፈር ውስጥ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ስልኬ ላይ የእነዚያን ሁሉ ሠዓሊዎች ሥራ ሳየው ረጅም ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ፣ ግን ጆሮዬ ላይ የአያ ሰይድ ድምፅ ይመጣና ዓይኔ ይሞላል። ያኔ ተረት ብቻ የማዳምጥ መስሎኝ ነበር።

የእናቴ ቤት ግድግዳ እርጥበት ስለሚያስገባ ሥዕሉ መላላጥ ጀምሯል። ባለፈው እሷ ዘንድ ስሄድ፣ «ደሴ ሥዕል የሚያድስ ሠዓሊ አለ፣ ልውሰደው» አልኳት።

«ተይው ልጄ» አለችኝ። «እሱን የማያውቅ ሰው ከነካው የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል።»

ተውኩት። እኔም ዛሬ የወንድሜን ፊት አላስታውስም። ያ ጥርት ያለው ሥዕል የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ብፈልገው ላገኘው እችል ይሆናል፤ ግን እኔንም እንዳያውቀኝ እፈራለሁ።