ከቡትካምፕ ይልቅ ጋሽ ወርቁ

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኮምፒውተር አልተሰጠኝም። ለክሊኒኮች ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ በጀማሪ ፕሮግራመርነት ነበር የተቀጠርኩት። የመጀመሪያዋ አለቃዬ ሊንዳ፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ የደንበኞችን ስልክ ከሚቀበሉት ሰዎች አጠገብ አስቀመጠችኝና የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝ። «አትናገሪ፣ ስሚ ብቻ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «እኔ ኮድ ልጽፍ እንጂ ስልክ ልሰማ አልተቀጠርኩም» አልኳት።

«ኮዱን የሚጠቀሙበት እነሱ ናቸው። ነገ ትጽፊያለሽ» አለች።

ቀኑን ሙሉ የክሊኒክ ጸሐፊዎች ሲያማርሩ ስሰማ ዋልኩ። በማግስቱ የተሰጠኝን ስህተት ሳስተካክል፣ ማን እንደተናደደበት በድምፅ አውቀው ነበር።

እዚያው ቤት አደግኩ። ከጀማሪ ሲኒየር፣ ከሲኒየር የቡድን መሪ ሆንኩ። በጃቫ ኮድ ጻፍኩ፣ ዳታቤዝ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገርኩ፣ ሲስተም ቢወድቅ ተጠሪ ስለሆንኩ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ልጆቼን ወልጄ ወደዚያው ወንበር ተመለስኩ። ሊንዳም ጡረታ ወጣች።

ከዚያ ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ መጣ። አዲሱ ዳይሬክተራችን ብራያን ሰብስቦን ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። የእኛ ክፍል ይዘጋል፤ አዲስ የኤአይ ቡድን ይቋቋማል፤ እዚያ መግባት የፈለገ ቡትካምፕ የሚባለውን አጭር ሥልጠና ጨርሶ ሰርተፊኬት ያምጣ፤ ሌላው ሌይኦፍ ነው፣ ከሥራ ይሰናበታል።

ቢሮው ገብቼ የሚያስተምሩትን አሳየኝ አልኩት። መጀመሪያ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከሀ ሁ፣ ቀጥሎ ኤፒአይ፣ አንዱ ፕሮግራም ከሌላው የሚነጋገርበት በር፣ ምንድን ነው ይላል። ኤፒአይ ምንድን ነው! ድርጅቱ ከሚሸጣቸው ኤፒአይዎች ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ! የጎደለኝ ነገር፣ ማለትም የኤአይ ሞዴሉ እንዴት እንደሚሳሳትና ስህተቱ እንዴት እንደሚለካ፣ መጨረሻው ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለይስሙላ ተቀምጧል።

«አልገባም» አልኩት።

«ሂሩት፣ ሁሉም እየገባ ነው።»

«ይግቡ። እነሱን በኢንተርቪው የምትጠይቀውን እኔንም ጠይቀኝ። ካቃተኝ ራሴ እሄዳለሁ።»

ብራያን ትከሻውን ሰበቀ። «እስከ ጸደይ ጊዜ አለሽ» አለኝ።

አፕል ቫሊ ያለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለመስፍን ነገርኩት። «ምን ነካሽ? ወረቀቱን ያዥና ዝም በይ! የቤት ዕዳ፣ ሞርጌጅ አለብን፤ የጤና ኢንሹራንሳችንም ባንቺ ሥራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። «ይሄ ትዕቢት ነው» ሲለኝ ግን «ይሁና!» አልኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ እንደ አዲስ ተማሪ ሀ ሁ ልቁጠር? ሞቼ ነው ቆሜ!

ምሳ ሰዓቴ ላይ ሞዴሎቹን የሚሠሩት ድርጅቶች የሚያወጡትን መመሪያ አነበብኩ። ሰነድ ፈልጎ መልስ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም ከባዶ ጻፍኩ፤ አልሠራም፤ አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ችግሩ፣ ማንም ስለማይጠቀምበት መሳሳቱን የሚነግረኝ ሰው የለም። ሊንዳ ሥራ ላይ ብትኖር በሳቀችብኝ።

ስለዚህ ሰዓዳ ጋ ሄድኩ። ሰዓዳ የወሎ ልጅ፣ የቆየች ጓደኛዬ ናት። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ከጎማ ቤት በላይ የሆም ኬር ቢሮ አላት፤ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚረዱ ሠራተኞች ትልካለች። ጠዋት ጠዋት ነርሷ ለሁሉም እየደወለች እንዴት እንዳደሩ ትጠይቃለች፤ ግን አትደርስም።

«ይሄ የምትይው ኤአይ በአማርኛ መደወል ይችላል?» አለችኝ።

ፈቃዳቸውን በፊርማ ከሰጡ ጥቂት ሰዎች ጋር ልንሞክረው ተስማማን። ነርሷም እስከዚያው መደወሏን እንዳታቆም አልን።

ሠራሁት። ማሽኑ ይደውላል፣ በሴት ድምፅ ይጠይቃል፣ መልሱን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ለነርሷም አሳጥሮ ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርት ሁሉም ሰው ደህና ነው። ደስ ብሎኝ ለሰዓዳ አሳየኋት፤ እሷ ግን ሳቀች።

«አንቺ! ጋሽ ወርቁን ደህና ናቸው ይላል? ጉልበታቸው ይዟቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከአልጋ አልወረዱም እኮ!»

የጋሽ ወርቁን ጥሪ ቅጂ ከፍተን ሰማን።

«እንዴት አደሩ?» ይላል ማሽኑ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሕመም አለዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ክብር ለሱ።»

«ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። አንቺስ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?»

ማሽኑ አመስግኖ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው።

«ማነው ገና እንዴት አደሩ ሲባል በሽታውን የሚዘረግፍ?» አለች ሰዓዳ። «እኔስ ብሆን አልሐምዱሊላህ ብዬ አይደል የምጀምረው? ወላሂ፣ እሳቸው ቤተሰብሽን ሳይጠይቁ ስለ ጉልበታቸው አይነግሩሽም።»

በራሴ ተናደድኩ። እኔም እናቴ ስትደውልልኝ የምመልስላት እንደዚያው ነው። ሰላምታ የማያውቅ ማሽን ነው የሠራሁት።

ያን ጊዜ የሊንዳ የጆሮ ማዳመጫ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓዳ ቢሮ ተቀምጬ ጥሪዎቹን ማዳመጥ ጀመርኩ። ሰዓዳና ነርሷ «ይሄ የእውነት ደህና ነው፤ ይሄ ግን የአፍ ነው» እያሉ ለዩልኝ። እነሱ የለዩትን ለማሽኑ ፈተና አደረግሁት፤ በሙያችን ኢቫል ይባላል። አንድ ነገር በለወጥኩ ቁጥር ማሽኑን አስፈትነዋለሁ። አንዱን አሻሽዬ ሌላውን ካበላሸሁ ወዲያው ይታየኛል። አጠያየቁንም ቀየርኩ። «ሕመም አለዎት?» ቀርቶ «ዛሬ ከአልጋ ወርደው ነበር?» ሆነ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ቤተሰብ ደህና ወይ ሲሉት ምን ይበል? ደህና ናቸው ካለ ዋሸ፤ ዝም ካለ ባለጌ ሆነ። እውነቱን ይናገር ብዬ ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ጥሪ ጋሽ ወርቁ እንደ ልማዳቸው «ቤተሰብ ደህና?» አሉ።

«አመሰግናለሁ ጋሽ ወርቁ። እኔ ማሽን ነኝ፤ ቤተሰብ የለኝም።»

«ወይኔ ልጄን! ማንም የለሽም? አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም እኮ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው እንጂ፣ ጉልበቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ» አሏት።

እኔና ሰዓዳ እየሳቅን እንባችን መጣ። ነርሷ ያን ጠዋት ወደ ጋሽ ወርቁ ቤት ሄደች።

ጸደይ ደረሰ። ኢንተርቪው ላይ ብራያንና የአዲሱ ቡድን መሪ ክርስቲን ተቀመጡ። ክርስቲን የዚሁ የሚኒሶታ ገጠር ልጅ፣ የገበሬ ልጅ ናት። እኔ ያልተሳካውን ጥሪ፣ ስሙን አጥፍቼ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ መጀመሪያ አቀረብኩ።

«የሚሠራውን አሳይን እንጂ» አለ ብራያን።

«መጀመሪያ የት እንደሚወድቅ እዩ» አልኩት።

ክርስቲን ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። «አባቴ በልብ ሕመም ከመሞቱ በፊት ክሊኒኩ ደውሎለት ነበር። ‹ኖት ቱ ባድ›፣ ምንም አይል፣ ብሎ ነው የመለሰላቸው። እዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

አሳዘነችኝ። እሷ ግን ወዲያው የራሳችን ድርጅት የሚሸጠውን የታካሚ መጠየቂያ ፕሮግራም ከፈተችና በእኔ ዘዴ እንፈትነው አለች። ፕሮግራሙ ‹ኖት ቱ ባድ› ያለውን ሰው ሁሉ «ችግር የለበትም» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ብራያን ጠራኝ። «ተቀብለንሻል። ለዘርፉ አዲስ ስለሆንሽ፣ ሰርተፊኬትም ስለሌለሽ ግን በጀማሪ ደረጃ ነው።»

«ጀማሪ ሆኜ አንዴ ገብቻለሁ፤ ሁለተኛ አልገባም» አልኩት።

«ሌላ ቦታ የለም እኮ።»

«ይቅር።»

መስፍን ማታ ስነግረው ራቱን በልቶ የባንክ ወረቀቶቹን ሊያገላብጥ ተነሳ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ዕቃዬን በካርቶን መሰብሰብ ጀመርኩ። ክርስቲን መጥታ ካርቶኑን አየችው። «ያንን ፈተና ማን ሊሠራልኝ ነው?» አለች። «በነበርሽበት ደረጃ ነው የምትገቢው። ከብራያን ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ካርቶኑን በእግሬ ገፍቼ ጠረጴዛው ሥር ከተትኩት። ማታ መስፍን ሲሰማ «እሺ፣ እመቤት ትዕቢት» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቅር አላለኝም። ጋሽ ወርቁም አሁን ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ማሽኗን «ቤተሰብ አገኘሽ ወይ?» ይሏታል።

ልምድ ኖሯችሁ ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ የምለው ይሄው ነው። ቡትካምፕ ለጀማሪ ይጠቅም ይሆናል፤ እናንተ ግን ጀማሪ አይደላችሁም። የጎደላችሁን ብቻ ተማሩ። የምትሠሩትን የሚጠቀምበት ሰው ፈልጉና የት ላይ እንደሚወድቅ ከሱ ስሙ። ሰርተፊኬት እስከ ዛሬ የለኝም።