የአዘዘ ቁልፍ የሌለው ቁልፍ

ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር አዘዘን የሚያህል ፈሪ አልነበረም፤ አዘዘን የሚያህል ጉረኛም አልነበረም። ሁለቱን ባንድ ሱሪ ውስጥ ይዞ የሚዞር እሱ ብቻ ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሚስቱ ውዴ ናት።

አዘዘ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ሌላው ሰው በአልጋና በብርድ ልብስ ሲሻማ፣ አዘዘ ሆዬ የበር ቁልፍ ገዝቶ መጣ። ያውም መክፈቻ የሌለው! አራት የናስ ቀለበት አለው፣ በየቀለበቱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ አራቱ ቁጥር ካልገጠመ ንቅንቅ አይልም። በሩ ገጭ ካለ ግን በራሱ ይቆለፋል።

«ቁልፍ የሌለው ቁልፍ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እሽ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች ውዴ።

«እሱ ምስጢር ነው።»

«ከኔ? ከሚስትህ?»

«ሴት ቦኖ ውኃ ላይ የማትዘራው ወሬ የለም» ብሎ እርፍ።

ከዚያ ወዲያ ውዴ እሱ ሥራ ሲሄድ በሩን በድንጋይ አስደግፋ ትውል ጀመር። ገበያ ቀረ፣ ማኅበር ቀረ። ጎረቤቷ እናትዓለም «ሌባውንስ ተይው፣ ባልሽ የቆለፈው አንችን ነው» እያለች ትስቃለች።

ያን ሰሞን ደግሞ አዘዘ ለኢሠፓአኮ፣ ለደርጉ ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ አባልነት ታጭቶ አበደ። ቀበሌ አዳራሽ ውይይት በተካሄደ ቁጥር ተነሥቶ «ጸሎትና ስእለት የድሮ ሥርዓት ትራፊ ነው!» ይላል። ሚስቱን ሰው ፊት «ጓዲት» ይላታል። አይ ጓድ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ውዴ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ከጣና በኩል የተነሣ ነፋስ በሩን ገፋው፣ ድንጋዩ ተንሸራተተ፣ ገጭ! ውስጥ ያለችው የአሥር ወር ልጇ አደይ ናት። ወለሉ ላይ ደግሞ በላምባ ምድጃ የተጣደ ባቄላ ይንተከተካል። በሩ ላሜራ፤ መስኮቱን አዘዘ ሌባ ፈርቶ በብረት አስበይዶታል። ውዴ በብረቱ መሐል ስታይ ልጅቱ እየዳኸች ወደ ምድጃው ትሄዳለች።

እናትዓለም መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «አደይዬ! ወደኔ ነይ!» እያለች ታጨበጭብ ጀመር። ውዴ ነጠላዋን ጥላ ሦስት አጥር አልፋ አዘዘ ስብሰባ የተቀመጠበት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ዘው አለች።

«አዘዘ! ቁጥሩ!»

ሁሉም ዞረ። ሰብሳቢው ጓድ አንዳርጋቸው «ምን ሆነሽ፣ እቱ?» አላት።

«ልጄ ተቆልፎባታል፣ እሳት ሥር ናት! ቁጥሩን ይንገረኝ!»

«ንገራታ፣ ጓድ አዘዘ!»

አዘዘ ቆመ። አፉን ከፈተ፣ ጓድ አንዳርጋቸውን አየ፣ አፉን ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ጎላ አድርጎ «የአብዮቱ ቀን ነው! ሁለት፣ አንድ፣ ስድሳ ሰባት!» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበለት። ልጁ እሳት ሥር ሆና ለሱ ይጨበጨባል!

ውዴ በርራ ደረሰች። ሁለት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ሰባት። እምቢ! ደገመች። እምቢ!

«ውዴ! የምድጃውን እግር ያዘችው!» ጮኸች እናትዓለም።

ያኔ ነው ውዴ የገባት። ዋሸ! ይኼ ፈሪ እዚያ ሰው ፊት ሊለው ያልቻለው ምንድን ነው? መብረቅ በጮኸ ቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጦ ማንን ነው የሚጠራ? «ጊዮርጊስ ድረስ! ሚካኤል ድረስ!» ሁልጊዜ ጊዮርጊስ ይቀድማል። ጊዮርጊስ በሃያ ሦስት፣ ሚካኤል በአሥራ ሁለት፤ ይኼን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም። ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት።

ተከፈተ።

አደይን ብድግ ስታደርጋት ባቄላው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከእጅጌዋ ጫፍ በቀር የነካት የለም።

ወዲያው አዘዘ፣ ጓድ አንዳርጋቸውና የአዳራሹ ግማሽ ደረሱ።

«ተከፈተ? በአብዮቱ ቀን?» አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

አዘዘ በዓይኑ ይለማመጣታል። ውዴ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሽሮ ውስጥ የወደቀ ዝንብ እንደሚታይ። ማጋለጡ ራሱ ድካም መሰላት።

«አዎ፣ በአብዮቱ ቀን» አለች።

ሰዎቹ አጨብጭበው ሄዱ። አዘዘ ጠጋ ብሎ «ማን ነገረሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«አንተ። መብረቅ በጮኸ ቁጥር ትነግረኛለህ። ልጅህ ልትቃጠል ስትል ግን አልነገርኸኝም።»

«ውዴ፣ እኔ እኮ ሰው ፊት...»

«ዝም በል!»

አዘዘ መጀመሪያ ቁጥሩን ሲያስገባ ከውስጥ በኩል ያለችውን ብሎን ሲፈታ አይታዋለች። በቢላ ጫፍ ፈታች፣ ቀለበቶቹን ራሷ ወደ መረጠችው ቁጥር አዞረች፣ መልሳ አጠበቀች። በማግሥቱ ገበያ ወጣች።

አዘዘ እስከ ዛሬ ያን ቁጥር አያውቀውም። ከሥራ ሲመጣ የስብሰባ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ «ውዴ፣ ክፈችልኝ» ይላል። እሷ ከሌለች ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ይላል። ሰፈርተኛው ሲያልፍ «ጓድ አዘዘ፣ እዚህ ደግሞ ምን ስብሰባ አለ?» ይለዋል።