«እናትሽ ቤት ማን ይሉሽ ነበር?»

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው... ዛሬም ድረስ ትዝ ባለኝ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሉ ጤና ጣቢያዎች የታካሚ መረጃ በኮምፒውተር እንዲለዋወጡ የሚያደርገውን ሥራ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ስማዳ የታከመ ሰው እስቴ ሲመጣ ታሪኩ ቀድሞት ይጠብቀዋል ማለት ነው። ቢያንስ እኔ በየስብሰባው እንደዚያ እያልኩ እፎክር ነበር።

የዚያን ቀን እስቴ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ የሄድኩት የካርድ ክፍሉ እንደሚዘጋ ለሠራተኛው ለመንገር ነው። ክፍሉን ለብዙ ዓመት የያዙት እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ናቸው። እውነቱን ልናገር... አልወዳቸውም ነበር። «ለውጥ» የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። በዚያ ላይ በየካርዱ ጥግ በእርሳስ ሁለተኛ ስም የመጻፍ አመል አለባቸው። ካርዶቹ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ መረጃ አስገቢዎቹ ደውለው «የእርሳሱን ስም የት እናስገባው?» ብለውኝ ነበር። እኔ ሆዬ ምንነቱን እንኳ ሳልጠይቅ «ተዉት! አንድ ሰው፣ አንድ ስም!» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ቆራጥ መሪ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ሠራተኛውን ሰብስቤ ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዲት ወጣት ሴት በቃሬዛ ይዘው ገቡ። ትኩሳት አቃጥሏት ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። ስለ እሷ የሚናገሩት አማቷ ናቸው።

«ስሟ ማን ነው?» አለች ነርሷ፣ ሲስተር መሠረት።

«የኔዓለም አያሌው።»

አትፍረዱብኝና ደስ አለኝ። ሥራዬን በተግባር የማሳይበት አጋጣሚ አገኘሁ ብዬ ነው። ኮምፒውተሩን ራሴ ያዝኩት። እዚያው ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ክትባት ከመውሰዷ በቀር በአራቱም ወረዳ ምንም የለም።

«ንጹሕ ነው!» አልኩ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «ሌላ ታሪክ የላትም።»

ሲስተር መሠረት ግን ጠንቃቃ ናት፤ ወደ አማቷ ዞረች። «መድኃኒት አልስማማ ብሏት ያውቃል?»

«ኧረ ምን በወጣት! እኔ ቤት ከገባች ጉንፋን እንኳ ነክቷት አያውቅ!»

መርፌው ተቀዳ። ክንዷ በአልኮል ተጠረገ...

ይሄኔ እትዬ ስንዱ ሰዉን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ። እኔን ዞር ብለው አላዩኝም። ወደ ልጅቱ ጆሮ ጎንበስ አሉ። «የኔ ልጅ... እናትሽ ቤት ማን ይሉሽ ነበር?»

አማቷ ቱግ አሉ። «ምን ማለትዎ ነው? ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ! ሙሽራ ሆና ስትመጣ የኔዓለም ብያታለሁ፣ አለቀ!»

እዚህ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እኔ የደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ነኝ። ወሬውን ሰምቼዋለሁ፤ ግን የቤት ውስጥ ማቆላመጫ እንጂ የሴትዮዋን የድሮ ስም ጠራርጎ የሚያስረሳ ነገር አልመሰለኝም።

ልጅቱ ከንፈሯን በጭንቅ አላቀቀች። «ደብሬ...»

«አገርሽስ?»

«ስማዳ።»

እትዬ ስንዱ ቀና ብለው አፈጠጡብኝ። «ምን ትጠብቃለህ? ጻፈዋ!»

ደብሬ አያሌው፣ ስማዳ ብዬ ጻፍኩ። ኔትወርኩ ያቺን ክብ ነገር ያሽከረክራል... ያሽከረክራል... ሲስተር መሠረት መርፌውን እንደያዘች ቆማለች።

መጣ! የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እንደ አገሩ ደንብ እናቷ ቤት ሄዳ ነው። ከወለደች በኋላ ታማ እዚያ ጤና ጣቢያ ገብታለች። ከሥሩ የመርፌ ስም አለ፤ ቀጥሎ «ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሿ ሊቋረጥ ነበር። ዳግም እንዳይሰጣት» ይላል። የመርፌውን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሲስተር መሠረት በእጇ ወደያዘችው አየች። ራሱ ነው።

ሲስተር መሠረት መርፌውን መልሳ አስቀመጠችው። አማቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እኔን እኮ በሰላም ተገላገለች ነው ያሉኝ... እኔን እኮ ማንም አልነገረኝ...» ይላሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ከኮምፒውተሩ እንዲደበቅ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። «ደብሬ» የሚለው ስም እኮ በእትዬ ስንዱ እርሳስ ካርዷ ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር!

ልጅቱ ሌላ መድኃኒት ተሰጣት። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቷ በርዶላት ቀና ብላ ውኃ ስትጠይቅ እኔ ውጭ ቆሜ እንባዬን እየጠረግኩ ነበር።

ከዚያ ካርድ ክፍል ሄድኩ። «ምነው እትዬ፣ ስለዚህ ስም ነገር ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«መቼ ጠየቅኸኝና ልጄ?»

ካርድ ክፍሉ አልተዘጋም። አሁን እትዬ ስንዱ ከመረጃ አስገቢዎቹ አጠገብ ተቀምጠው የእርሳሱን ስም አንድ በአንድ እያነበቡ ያስመዘግባሉ፤ ልጆቹ ሲሳሳቱም ይቆጣሉ።

የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ ወደምኖርበት ንፋስ መውጫ ከተማ ስገባ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴን ሰው ሁሉ «እናኑ» ነው የሚላት። ወላጆቿ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት።

«እማዬ፣ እናትሽ ቤትስ ማን ነበር የሚሉሽ?»

«ምን አስታወሰህ?» ስትለኝ የሆነውን ነገርኳት።

«ጥሩነሽ» አለች፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «አባቴ ከሞተ ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም እኮ ልጄ...»

የአራት ወረዳ ሕዝብ ታሪክ ሳስመዘግብ የከረምኩ ሰውዬ... የወለደችኝን ሴት ስም ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው።