የሰይፉ ነጭ መስመር

አጎቴ የብረት ሥራ ሲያዩ «ሠሪው እንዴት አቀዘቀዘው?» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ባሕር ማዶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ በብየዳ ሥራ የኖሩ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን ሙዚየም ስወስዳቸው፣ ከአንድ የጥንት ጃፓናዊ አንጥረኛ ሰይፍ ፊት ተገትረው ቀሩ። ስለቱን ተከትሎ ሞገድ የመሰለ ነጭ መስመር ይሄዳል።

«ቅብ ነው?» አልኳቸው።

«ቅብ! ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ? ስለቱ ቶሎ፣ ጀርባው ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ነው እንጂ። በአንድ ውሃ ግን እንዴት አደረገው? ፈልጊልኝ እስቲ።»

አንድ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት፤ አንጥረኛው ውሃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ጀርባውን በወፍራም ጭቃ፣ ስለቱን በስሱ ይቀባዋል። ሁለተኛ መጽሐፍ ካላረጋገጠልኝ አልነግራቸውም ብዬ ሳቆየው ዐረፉ።

ሁለተኛውም ያንኑ ይላል። እሳት ላይ የጋለው ብረት ለውሃው መድረሱን አንጥረኛው የሚያውቀው በቅላቱ ነው ብሎም ይጨምራል። የትኛው ቅላት እንደሆነ ግን አይናገርም፤ እሱን የምጠይቀው እሳቸውን ነበር።