ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ፣ "ለቫኬሽን ወዴት ነህ?" አለኝ። ቫኬሽን እንዳለኝ ረስቼ ነበር።

"የትም።"

"ኪቶ ነህ። ትኬትህን ቡክ አድርጌዋለሁ።"

ጓደኛዬ ካናዳ የገባው በአውቶቡስ፣ በጀልባና በእግር ነው። መንገዱን የጀመረው ከኢኳዶር ሲሆን፣ እዚያ ኪቶ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራይቶ ወራት ቆይቷል። አንድ ቀን ሳይነጋ አሻጋሪዎቹ መጥተው "ውጣ" አሉት። ሴትዮዋ ተኝተው ስለነበር ሳይሰናበታቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ጫካ አቋርጧል፣ ታስሯል፣ ዳኛ ፊት ቆሟል። ስለ እነዚህ ሲጠየቅ "ያው መንገድ ነው" ብሎ ያልፈዋል። የሚቆጨው አለመሰናበቱ ነው። "እንደ ሌባ ወጣሁ" ይላል። አሁን ፓስፖርት አለው፤ የሚሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሽማግሌ በማግስቱ እንደማይገኝ ሥራው ስላስተማረው፣ ሴትዮዋን ሳይሞቱ ሊደርስባቸው ፈለገ።

እኔን የፈለገኝ ለስፓኒሽ ነው። ወደ ሥራ ስመላለስ አውቶቡስ ላይ ከስልኬ እማር ነበር። ስፓኒሽ የሚፈልግብኝ ሰው ስላለ አይደለም፤ ግጥም አልመጣ ሲለኝ ሌላ ነገር መነካካት ልማዴ ነው።

ሻንጣው ውስጥ የመገጣጠሚያ ቅባት፣ ቫይታሚን፣ ሎሽን፣ ሹራብና ጃንጥላ ነበር። ቶሮንቶ ያለ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ሁሉ ነበር ማለት ይቻላል።

ኪቶ ጠዋት ደረስን። የታክሲው ሹፌር አድራሻ ጠየቀን። ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ።

"ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ጫማ ሰፊው ጋ ታጥፎ፣ አረንጓዴ ሱቅ አለ። ፊት ለፊቱ።"

"የመንገዱ ስምስ? የቤት ቁጥሩ?"

"የምን ቁጥር? ኖሬበታለሁ እኮ ነው የምልህ።"

ቶሮንቶ ሆነን ሲነግረኝ ምንም የጎደለ ነገር አልታየኝም ነበር። አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ይህ የተሟላ አድራሻ ነው። እንዳለ ተረጎምኩት። ሹፌሩ በትሕትና አዳምጦ፣ "የትኛው ቤተ ክርስቲያን?" አለ።

ኪቶ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ዝቅ ያላለ ቤት የለም። አሮጌው ከተማ ጣለንና በእግር ጀመርን። ዳገት ስትወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስትወርድ ገዳም ነው። ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ አይከብደንም ብዬ ነበር፤ ሳንባዬ ግን ሳይነግረኝ ካናዳዊ ሆኗል። አንዲት ሴት አይስክሬም የሚመስል፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የማይቀልጥ የእንቁላል አረፋ ሸጠችልን። ምድር ወገብ ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ፎቶ መነሣት እፈልግ ነበር። ጓደኛዬ የሚያየው ሱቅ ብቻ ነው።

"ይሄ ነው። ቀለሙን ቀይረውታል።"

አልነበረም። ቀጥሎ ያለውም ቀለም ተቀይሮ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም።

"ከተማው በሙሉ ቀለም ቀየረ?"

"ጊዜው ነዋ።"

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ከአንድ ገዳም በታች ደክሞን አንዲት ብርቱካናማ ሱቅ ገባን። ባለሱቋ ውሃ ሰጥታን፣ ዶሮ ያለበት ትኩስ ሳምቡሳ መሳይ ነገር አቀረበች። እኔ በላሁ። ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ። አይብ ያለበትን አሳየችው፤ እሱንም ነቀነቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ረቡዕን በጣቱ ነክቶ አማተበ።

ሴትዮዋ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ጣቷን ዓርብ ላይ አድርጋ በጥያቄ አየችው።

"ሲ" አለ ጓደኛዬ፣ አዎ ለማለት። የቀረችው የስፓኒሽ ቃል እሷ ብቻ ነበረች።

ባለሱቋ ወደ ጓዳ ዞራ ባሏን ጠራችና በፍጥነት ማውራት ጀመረች። የገባኝን ያህል፣ ከዓመታት በፊት ፊት ለፊት ያሉት አሮጊት በየረቡዑና በየዓርቡ ለተከራያቸው ምስር ይገዙ ነበር። ሥጋም ወተትም የማይነካ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሕመምተኛ ነው ብሎ አዝኖለት ነበር።

"በሕይወት አሉ በላት" አለኝ ጓደኛዬ። መጠየቁ ነበር፤ ድምፁ ግን ጥያቄ አልሆነለትም።

አሉ። ልጃቸው ጋ ሄደዋል፤ ነገ ይመለሳሉ።

"አየህ? ቀለሙን ቀይረውታል ብዬህ ነበር።"

ባለሱቋን ጠየቅኋት። ሱቁ አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም።

ሐሙስ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አጭር ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል። ጓደኛዬ ሌሊቱን ንግግር ሲያዘጋጅ አድሮ ነበር፤ ሲያያቸው ግን ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው አንድ ነገር የወደቀበት መስሏቸው አብረውት ወለሉን መፈለግ ጀመሩ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

"ወፍረሃል" አሉ።

"ሳልሰናበት ሄድኩ በላቸው" አለኝ። "ተኝተው ስለነበር ነው በላቸው።"

ነገርኳቸው። አሮጊቷ ወደ በሩ ማጠፊያ በከዘራቸው ጠቆሙ።

"ተከራዮቼ ሁሉም በዚያ ሰዓት ነው የሚሄዱት። እንዳይጮህባቸው ዘይት የምቀባው ለዚያ ነው። ነቅቼ ነበር። ብነሣ ያለቅስብኛል፣ ሰዎቹም ይቆጡታል ብዬ ተውኩት።"

ተረጎምኩለት። ሹራቡን ከሻንጣው አውጥቶ አለበሳቸውና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈላቸው፤ ሥራው ስለሆነ እጁ ያውቅበታል። እሳቸው ወደ ማድ ቤት ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ብዙ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ትልቅ ድስት ይዘው ነበር፤ ምስር ብቻ ነው።

"ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው" አልኩት በቀስታ።

"ዝም ብለህ ብላ።"

ሦስት ጊዜ ተጨመረልን።

ስንብቱን ወንበራችን ላይ ጀመርነው፤ በሩ ላይ ደገምነው፤ ደጅ ላይ እንደገና አዲስ ሆነ። ጓደኛዬ በአማርኛ "ይግቡ፣ ይበርድዎታል" ይላል፤ እሳቸው በስፓኒሽ ሌላ ነገር ይላሉ፤ ማንም እንድተረጉም አልጠየቀኝም። ከዘራቸውን እየተከሉ ቁልቁል ሸኙን። መታጠፊያው ላይ ቆሙ፤ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ፣ "በሉ ደኅና ይሁኑ" አላቸው። ግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት አደረጉበት።

ከታጠፍን በኋላ ጓደኛዬ ወደ ኋላ አልዞረም። ወደ ጎን በአንገቱ ብቻ ጠቆመ። አንድ ሽማግሌ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጫማ ሶል እየሰፋ ነበር።

"ይኸው ጫማ ሰፊው" አለኝ።