ለጊዮርጊስ የተሳልሁት ውርንጭላ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውርንጭላው ገብሱን አሽትቶ ተወው።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ቤታችን የተመለስሁበት ጊዜ ነበር። ከሰው ጋር ማውራት ስለሚከብደኝ አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ከውርንጭላው ጋር ነው። መልኩ ዳማ ነው፤ ገና ልጓም አልገባለትም። እፍኝ ገብስ ይዤ ስመጣ እህሉ ካለቀ በኋላም መዳፌን መላሱን አያቆምም። ያን ቀን ግን ገብሱን አሽትቶ ፊቱን ወደ ቀርከሃው አጥር አዞረ። መንጋጋው ሥር ስዳስሰው እንቁላል የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ይፋጃል።

በማግስቱ አፍንጫው ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ያወርድ ጀመር። ሰኞ የጠጣው ውኃ በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ። ትንፋሹ ሲያንኮራፋ ጓዳ ሆኜ ይሰማኛል፤ ድምፁን እጠላዋለሁ፤ ለአፍታ ዝም ካለ ደግሞ እየሮጥሁ እወጣለሁ።

አባቴ የሚፈራው ለሌሎቹ ነበር። የውርንጭላው እናት ባዝራዋና አባቴ የሚጋልበው ፈረስ እዚያው ጋጣ ያድራሉ። በእኛ አገር የማይድን ፈረስ አይታረድም፤ ሥጋው አይበላም፣ ለመግደልም የማንም አንጀት አይችልም። ሳይመሽ ከአጥር ውጭ ይወሰድና ሜዳው ዳር ይተዋል። የቀረው የጅብ ነው። በልጅነቴ አንዲት ያረጀች በቅሎ እንዲህ ስትወጣ አይቻለሁ። በሩ ከተዘጋባት በኋላም ፊቷን ወደ ቤት አዙራ ቆማ ነበር።

ማክሰኞ የአባቴ የግልቢያ ጓደኛ የሆነው ጎረቤታችን እብጠቱን በእሳት ሊተኩስ መተኮሻ ብረቱን ይዞ መጣ። ዳሰሰውና ብረቱን መልሶ አስቀመጠ።

«አልበሰለም። አሁን ብነካው ወደ ውስጥ አብጦ ያፍነዋል።»

«መቼ ይበስላል?» አለ አባቴ።

«እሱን ፈጣሪ ይወቅ። ተልባ አፍልታችሁ በትኩሱ እሰሩበት።»

ተልባውን አፈላሁና በነጠላዬ ጠቅልዬ መንጋጋው ሥር አሰርሁለት። እያሰርሁ በሹክሹክታ እለምነው ኖሯል፤ ጎረቤታችን ሰምቶ ሳቀ።

«ተማሪዋ! በአማርኛ ነው እንዴ የምትለምኚው? የኛ ፈረስ በአገውኛ ነው የሚሰማ!»

አፈርሁ። እሱ ሲሄድ ግን በአገውኛ ለመንሁት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ውርንጭላው ተኛ። ቀና ለማለት እንኳ አልሞከረም። እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። አባቴ ገመድ ይዞ መጣ፤ ጎረቤታችንም ሊያግዘው ከኋላው አለ።

«ተነሽ አንቺ። ሳይመሽ እናውጣው። እዚህ ከሞተ ለሌሎቹም ያጋባባቸዋል።»

በዕድሜዬ ሙሉ አባቴን እንቢ ብዬው አላውቅም። ተነሣሁ። ገመዱን አንገቱ ላይ ሲያጠልቅለት አየሁና አፌ ቀደመኝ።

«ተስዬዋለሁ።»

«ምን?»

«ለጊዮርጊስ ተስዬዋለሁ፣ አባባ። ከዳነ የእሱ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልተሳልሁም ነበር። ቃሉ ሲወጣ ግን ስለት ሆነ። ለታቦት የተሰጠ ነገር ደግሞ ለጅብ አይጣልም።

«ጊዮርጊስ እኮ የራሱ ነጭ ፈረስ አለው» አለ ጎረቤታችን፤ «ይህን ንፍጣም ምን ያደርገዋል?»

አባቴ አልሳቀም። «ያልሽውን ታውቂዋለሽ? ቢድንም ያንቺ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ገመዱን ከውርንጭላው አንገት ፈትቶ ባዝራዋን አሰረበት፤ እሷንና ፈረሱን እየሳበ ወደ ጎረቤታችን ጋጣ ወሰዳቸው።

ብቻችንን ቀረን። በዘንገና ሐይቅ በኩል ጅብ ጮኸ፤ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። የውርንጭላው ጆሮ ቆመ፣ ትንፋሹም ተቆራረጠ። ታቦት ጠርቼ ያቆየሁት እዚሁ ታፍኖ እንዲሞት ይሆን እያልሁ ተልባውን ለመቀየር እጄን ሰደድሁ። እብጠቱ ለስልሶ ነበር። ነካ ሳደርገው ፈረጠና መግሉ እስከ ክርኔ ወረደ። ሽታው ይከብዳል። ውርንጭላው ራሱን አራገፈ፣ በፊት እግሮቹ ተንፈራግጦ ተነሣ። አፉን ባልዲው ውስጥ ከተተ። ውኃው በጉሮሮው ሲወርድ፣ በአፍንጫውም ሳይመለስ ሲቀር አየሁ።

እራት ላይ አባቴ ስለ ስለቱ ምንም አላነሣም። «አጥንቱ ጥሩ ነው፤ ደህና ፈረስ ይወጣዋል» አለ። ጎረቤታችን ነገሩን እንደ ቀልድ ወስዶት ሄዷል። ስለቱን ውጬ ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ውርንጭላውም የኔ ሆኖ ይቀራል። ዝም ማለት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምችለው ነገር ነው። ይህን ሳስብ ፈራሁ፤ የጅቡን ጩኸት ስሰማ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠብሁለት። እርጥብ ሣር ሰጠሁት፤ ቀስ እያለ አኘከ። የኔ ነጠላ ተበላሽቶ ስለነበር የእናቴን ተውሼ ጊዮርጊስ ሄድሁ። የንስሐ አባታችን ኪዳን አድርሰው እስኪወጡ በር ላይ ጠበቅሁና ስለቴን ነገርኋቸው።

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ» አሉኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁላቸው።